ከፊልሙ የቆረጥኩት ሳቅ

«ኧረ ገመዱን! ገመዱን እይ!»

አላየሁትም። የራሴው የማይክ ገመድ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ፣ ረጅሙን የማይክ ዘንግ እንደያዝኩ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ዘፍ አልኩ።

ስለ አንድ ልብስ ሰፊ ዘጋቢ ፊልም ልንሠራ መጥተን ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣው አዘጋጅ፣ ካሜራ ያዡና ድምፅ ቀጂው እኔ። የጮኸችልኝ የልብስ ሰፊው ልጅ ናት፤ የሒሳብ መምህርት። አፏን በደብተር ሸፍና ትስቃለች። አባቷ ግን ምንም አልሸፈኑም። ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው በማይኩ ጫፍ ላይ ያለውን ጸጉራም ልባስ አዩና፣

«ልጄ፣ ውሻህን እንጨት ላይ ሰቅለህ ነው እንዴ የምታጥበው?» አሉኝ።

ከዚያ ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ፣ የሚሰፉትን ጨርቅ ጫፍ አንስተው ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። እኔ ውሃ እያንጠባጠብኩ እሷን ብቻ አያለሁ። ካሜራው እየቀረጸ ነበር። ዛሬም የሚያሳፍረኝ ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቀረጻው በአራት ቀን አለቀ፤ ለእኔ ግን አላለቀም። ሱሪ ላሳጥር ብዬ ተመለስኩ። በየሳምንቱ ሌላ ሱሪ ይዤ እመጣ ጀመር።

«ሱሪህ ነው እየረዘመ የሚሄደው፣ ወይስ አንተ ነህ የምታጥረው?» አሉ አባቷ።

እሷ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች፣ ቀና ሳትል፣ «አባዬ፣ ይሄ አራተኛው ሱሪ ነው» አለች።

እየቆጠረች ነው! ያን ቀን ታክሲ መያዝ ረስቼ በእግሬ ነው ቤቴ የገባሁት። በስድስተኛው ሱሪ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «የአፍሪካ ሰው ፊልም ላይ ሲወጣ ሁሌ ወይ ይራባል ወይ ያለቅሳል። እናንተ ግን እንዳለን ታሳዩናላችሁ አይደል?»

«እንዳላችሁ» አልኳት። «ሙች!»

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስትወጣ፣ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በየቀኑ እደውልላት ጀመር።

አንድ ቀን አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አዘጋጁ በሥራ ክፍላችን ውስጥ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ስክሪኑ ላይ አባቷ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«ይሄ ግሩም ምስል ነው። ሳቁን አውጣው።»

«ሳቁን?»

«ተመልካች ግራ ይጋባል። ፊልሙ ስለ ድህነት ነው።»

አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሰዓቴን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ሳቁን አወጣሁ። በቦታው የነፋስ ድምፅና ሆድ የሚያባባ ዋሽንት አስገባሁ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ከዚያ ደወልኩላት።

ፊልሙ የታየ ዕለት አባቷ ለራሳቸው የሰፉትን ግራጫ ኮት ለብሰው መጡ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ በእኔና በእሷ መካከል ተቀመጡ። መልካቸውን ሲያዩ ፈገግ አሉ... ከዚያ ዋሽንቱ ገባ። ተራኪው በከባድ ድምፅ «እዚህ ለእንባ እንጂ ለሳቅ ጊዜ የለም» አለ። ስክሪኑ ላይ እሳቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ በየወንበሩ መሐረብ ወጣ። ደንበኞቻቸው አልታዩም። መምህርት ልጅ እንዳላቸውም አንድ ቃል አልተነገረም።

መብራት ሲበራ አንዲት ሴትዮ እጃቸውን በሁለት እጆቿ ያዘች።

«አይዞዎት አባቴ፣ ያልፋል።»

«ምኑ?» አሉ። ከልባቸው ነበር የጠየቁት።

ወር ሳይሞላ ፊልሙ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ገባ። ተማሪዎቿ እሷ ስትገባ ወሬ ማቆም ጀመሩ። አንድ ጠዋት ደግሞ አባቷ ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲመጡ፣ በር ላይ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አሮጌ ልብስ ተቀምጦ አገኙ። ለልብስ ሰፊ የልብስ ምጽዋት! ማዳበሪያውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ገቡ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ። «ፊልሙን እንዲህ ሲያደርጉት ታውቅ ነበር?»

«እኔ... እኔ እኮ ቀጂ ነኝ። ቀድቼ አስረክባለሁ።»

አመነችኝ። ይባስ ብላ እጄን ያዘች! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ፤ ግን አልተናገርኩም። ባጣትስ?

እሑድ ምሳ ጋበዙኝ። አባቷ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አንተ ባለሙያ ነህ፤ እስቲ አስረዳኝ። ሰውዬውን ትተው ሳቁን ብቻ የሚያወጡት እንዴት ነው? ከባድ ሥራ ነው?»

እሷ ቀደመችኝ። «አባዬ፣ እሱን ለምን ትጠይቀዋለህ? እኔ ልሙት፣ እሱ የለበትም! ስንቴ ልማልልህ?»

ስንቴ... ለካ በሌለሁበት ሁሉ ስትምልልኝ ነው የከረመችው።

«ከባድ አይደለም» አልኩ። «አሥር ደቂቃ ነው የፈጀብኝ።»



«አሥር ደቂቃ?» አሉ አባቷ ቀስ ብለው። «እኔ አንድ እጅጌ ስተረትር ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ጨርቁ እንዳይጎዳ እየሳሳሁ።»

እሷ ከወንበሯ ተነሳች። «እኔ ስምል ዝም ብለህ ሰማኸኝ?»

«እንዳላጣሽ ፈርቼ...»

«አባቴ ፊት ውሸታም አደረግኸኝ! ውጣልኝ!»

ወጣሁ። አዘጋጁን ፊልሙን እንዲያስተካክል ለመንኩት፤ «ለውድድር ቀርቧል፤ አይነካም» አለኝ። ስለዚህ ፊልሙ እንደገና ሲታይ፣ የጥያቄ ሰዓት ላይ ማይኩን ተቀብዬ ተነሳሁ።

«ሰውዬው እያለቀሱ አይደለም፤ እየሳቁ ነው። የሳቁት በእኔ ነው። ሳቁን ያወጣሁትም እኔ ነኝ!»

ማይኩን አጠፉብኝ። ግድ የለም፤ እየጮኽኩ ጨረስኩት። ሥራዬም እዚያው አለቀ።

በሳምንቱ ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። እሷ ናት። አንድ ተማሪዋ አዳራሹ ውስጥ የተናገርኩትን በስልክ አሳይቷታል።

«ለሕዝብ መናገር ቀላል ነው» አለች ደጃፉ ላይ ቆማ። «ለእኔ ንገረኝ። ስትቆርጠው ምን እያሰብክ ነበር?»



«አንቺን። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨርሼ ልደውልልሽ ነበር።»

ከዚያ እንባዋ መጣ።

«ያን ቀን ትዝ ይለኛል» አለች። «ደውለህ በሳቅ ገደልከኝ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ነገር በሕይወቴ አልሰማሁም። እሷም ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ነገ ና» አለች በመጨረሻ። «አባቴ ይሰድብሃል። ቁጭ ብለህ ትሰደባለህ።»

«እሺ።»

«መልስ መስጠት የለም።»

«እሺ።»

«እኔም እሰድብሃለሁ።»

«እሺ!»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰደብኩ። በዓመቱ ተጋባን።

ፊልሙ ዛሬም እንዳለ አለ። አንዳንድ ሰው አማቼን መንገድ ላይ እያየ «እኚያ የሚያለቅሱት ሰውዬ አይደሉም?» ይላል። ያን ጊዜ እኔ ቀድሜ «አላለቀሱም፤ እኔ ነኝ ያስለቀስኳቸው» እላለሁ። ባለቤቴ እጄን ትይዛለች።

አማቼ ይቅር ብለውኛል። ቀልዳቸውም አልቀረም፤ ከደንበኛ ጋር ሲስቁ ከመንገድ ይሰማል። እኔ ስገባ ግን ሳቃቸውን ገታ አድርገው መጀመሪያ እጆቼን ያያሉ። ማይክም ሆነ መቅረጫ አለመያዜን አይተው ነው የሚቀጥሉት። አልፈርድባቸውም። ስለዚህ ሲስቁ ከሰማሁ አልገባም፤ ደጅ ቆሜ፣ ስቀው እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ።