የጥድ ውሃው አልጌ ስም አውጪዎች

ፈሂማ ዩምናን ገና ሳታያት ጠላቻት። ምን ታድርግ? የዩምና ስም ከጃፈር አፍ አይጠፋም ነበር።

ፈሂማና ጃፈር የተገናኙት ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚያወርደው መንገድ፣ ጥድ ውሃ ከሚባል ምንጭ ዳር ነው። ለዒድ ወደ ቤተሰቦቿ ስትወርድ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ድንጋይ ሲዳብስ አየችው። ቀለበት የጠፋበት መስሏት አብራው ፈለገች። ለካ የሚፈልገው ቀይ አልጌ ኖሯል፤ ስሙ ቀይ ይሁን እንጂ ውሃ ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ያገኘችውም እሷ ናት። ሁለቱም የሥነ ሕይወት መምህራን መሆናቸውን ያወቁት ከዚያ በኋላ ነበር።

ጃፈር በሚያስተምርበት ደብረ ብርሃን በአንድ ማይክሮስኮፕ እየተፈራረቁ ቢመረምሩት ከሚታወቁት ዝርያዎች ካንዱም ጋር አልገጥም አለ። ጃፈር ስለ ፍቅር ትንፍሽ አላለም፤ ብቻ በዚያ ብርድ ጃኬቱን እሷ ላይ ጥሎ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ለፈሂማ ይህ ይበቃት ነበር፣ አዲስ አበባ ሆና የአልጌውን የዘረመል ምርመራ የምትሠራላቸው የዩምና ስም መደጋገም እስኪጀምር ድረስ።

ስትመጣ ደግሞ ቆንጆ ሆና አረፈችው። ጃፈር ጥድ ውሃ ድረስ ይዟት ወርዶ የእሱንና የፈሂማን ድንጋይ አሳያት።

በማግስቱ ጃፈር መሬት መሬቱን እያየ፣ «ከስም አውጪዎቹ ብትቀሪ ትቀየሚኛለሽ?» አላት።

በሙያቸው የስም አውጪዎቹ ስም ከአዲሱ ዝርያ ስም ቀጥሎ ለዘለዓለም ይጻፋል።

«ዩምናስ?»

ጃፈር ማይክሮስኮፑን መወልወል ጀመረ። ፈሂማ መልሱን ያገኘች መሰላት። ለዝርያው ማስረጃ የሚሆነውን ናሙና፣ ያለ እሱ ስም ማውጣት የማይቻለውን፣ ከነብልቃጡ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ምንጩ ዳር ቆማ ክዳኑን ከፈተች። ልትደፋው ስትል የናሙናውን መጥፋት አይቶ የተከተላት ጃፈር እያለከለከ ደረሰ። ብልቃጡን ሊቀማት እጁን አልዘረጋም።

«ከደፋሽው ሌላ አብረን እንፈልጋለን» አላት። «ወላሂ፣ በስምሽ ልሰይመው ብዬ ነው። በራስ ስም መሰየም ደግሞ ነውር ነው፤ ለዚህ ነው ከስም አውጪዎቹ ቅሪ ያልኩሽ። ዩምናንም ይህን እንዴት እንደምነግርሽ ስጠይቃት ነው የከረምኩት።»

ፈሂማ አፈረች። ይህን ደንብ ለተማሪዎቿ የምታስተምረው እሷው ናት፤ ቅናት አስረስቷት ነበር። ቢሆንም ራሷን ነቀነቀች።

«አልፈልግም» አለችው። የጃፈር ፊት ጠቆረ። «አልጌው የምንጩን ስም ይያዝ። የእኔ ስም ካንተ ስም ጎን ይጻፍ።»

ጃፈር ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ዝርያው ላይ ብቻ ነው?»

«ለሌላው ሽማግሌ ላክ። አባቴ እዚሁ ታች ነው።»

ብልቃጡን ከድና ሰጠችው።

«ሽማግሌዎቹ ምን ብለው እንደሚናገሩ ግን ዩምናን እንዳትጠይቃት።»