የሎሚ ማር

ጦርነቱ በተነሣ በሦስተኛው ዓመት፣ የክረምቱ ዝናብ ሲገባ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው መንገድ ተዘጋ፤ ማርም ወደ ከተማይቱ መግባቱ ቀረ። የተረፈችው ጥቂት ማር ለቁስለኞች ትሁን ተብሎ አዋጅ ወጣ፤ ማር ሸሽጎ የተገኘ ሰው ይሰቀላል ተባለ።

ከገበያው ጀርባ፣ ጠባብ መስኮት ባላት የድንጋይ ቤት፣ አንድ ጣፋጭ ሠሪና ባሏ የሞተባት ታላቅ እኅቱ ለሠራዊቱ በስኳር ሽሮፕ የተዘፈዘፈ ፍራፍሬ ያዘጋጁ ነበር። ወንድምየው ከዘመቻ የቀረው በዚሁ ሙያው ነው፤ ሳንባው ደካማ ቢሆንም በዚያ ዘመን ስለ ሳንባ የሚጠይቅ አልነበረም። ነገር ግን ሽሮፑ በመንገድ ሲንገላታ እየጠጠረ፣ ጦር ሜዳ ሲደርስ አሸዋ ሆኖ ይገኝ ጀመር። የስንቅ ሹሙም፣ «ወታደሩ ጥርሱን ለጠላት ያስቀምጥ ወይስ ለእናንተ? ዳግመኛ ቢጠጥር ቤቱ ይዘጋል፤ ባለሙያውም ይዘምታል» ብሎ ላከባቸው።

ወንድሟ በሳል ተኝቶ በሰነበተበት ወቅት እኅትየዋ ከድስቱ አልተለየችም። ስኳሩን በውሃ አሟሟች፤ ሎሚ ጨመቀችበት፤ እሳቱን አለሳልሳ ለረጅም ሰዓት አንፈቀፈቀችው። መጀመሪያ ሎሚው በዛና ጠቆረ፤ ቀጥሎ አነሰና ጠጠረ። በመጨረሻ የወጣው ግን ወርቃማ፣ እንደ ማር የሚዝለገለግ፣ ቢቀዘቅዝም የማይጠጥር፣ ከስኳሩም ይልቅ የሚጣፍጥ ነበረ። ሎሚውና ሙቀቱ ስኳሩን ወደ ሁለት ሌሎች የስኳር ዓይነቶች እንደሚከፍሉት አታውቅም ነበር፤ ጠጠሩ መጥፋቱን ግን በጥርሷ አረጋገጠች።

ወንድሟ ከሕመሙ ከተነሣ በኋላ ሹሙ ሽሮፑን ሊመረምር ሁለት ነፍጠኞች አስከትሎ መጣ። ጣቱን ነክሮ ቀመሰና ፊቱ ተለወጠ።

«ማር ነው።»

«ስኳር ነው፣ ጌታዬ» አለ ጣፋጭ ሠሪው።

«ማርና ስኳር መለየት ልታስተምረኝ ነው? ማን ነው ያነጠረው?»

ጣፋጭ ሠሪው ወደ እኅቱ አላየም። ገመዱ ለአንዳቸው ከመጣ ለእርሱ ይሁን ብሎ፣ «እኔ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው ዓይኔ እያየ አንጥር።»

እኅትየዋ ረዳት መስላ ሎሚውን እየመጠነች አቀበለችው፤ እርሱ እሳቱን ጠበቀ። ሹሙ በርጩማ ላይ ብዙ ተቀመጠ፤ ኋላ ትዕግሥቱ አለቀና ተነሥቶ ማማሰያውን ከድስቱ ነከረ።

«ኧረ አይንኩት!» ብሎ ጮኸ ጣፋጭ ሠሪው። «የበሰለ ስኳር ከተማሰለ ይጠጥራል!»

ይህ ከአባቱ የተማረው የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነበረ። የአሁኑ ሽሮፕ ሌላ መሆኑን እኅቱ ነግራው ነበር፤ ነገር ግን የልጅነት ትምህርት ከአእምሮ ቀድሞ ይናገራል።

ሹሙ ቀስ ብሎ ዞረ። «የማይጠጥር ሽሮፕ አነጠርሁ ያልኸኝ አንተ አይደለህም? የቀመስሁት እንግዲህ ማር ነበረ።»

ነፍጠኞቹ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«ያማስሉት፣ ጌታዬ» አለች እኅትየዋ። «ክንድዎ እስኪዝል ያማስሉት፤ ሎሚ ገብቶበታል። ያነጠርሁት እኔ ነኝ። እርሱ ታሞ ተኝቶ ነበር።»

«እትዬ፣ ዝም በይ!»

«አንተ ዝም በል! አፍህ ነው ሊያሰቅልህ የነበረው።»

ድስቱን አንሥታ ከቀዝቃዛ ውሃ ላይ አኖረችው። ሹሙ አማሰለ፤ ላብ እስኪያጠምቀው አማሰለ፤ ሽሮፑም ቀዝቅዞ ከማማሰያው እንደ ክር ተመዘዘ እንጂ አልጠጠረም። ሹሙ ቀመሰውና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«እውነትሽን ነው። ማር አልሸሸጋችሁም።»

ጣፋጭ ሠሪው ለእሳቱ እንጨት ሊጨምር ጎንበስ አለ። ሹሙ ግን ጣቶቹን እየጠረገ ንግግሩን ቀጠለ፦

«ከዘመቻ የሚቀረው ባለሙያው ነው፤ ባለሙያዋ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ድስት ማን ያነሣልኛል?»

«ሰው እልክልሻለሁ።»

ወንድምየው በማግሥቱ ዘመተ፤ አልተመለሰም።

የጦርነቱን ታሪክ የጻፈው ሰው፣ በዚያ ክረምት ሠራዊቱን ማር እንዳልተለየው ገልጦ የስንቅ ሹሙን ትጋት አመሰገነ፤ መንገድ በተዘጋበት ከተማ ያ ሁሉ ማር ከየት እንደ መጣ አልጠየቀም። እኅትየዋም ይህ ሲነበብላት አልተቀየመችም። ጎረቤቶቿ ግን በእርጅናዋ፣ «ያን ቀን ዝም ብትይ ኖሮስ?» እያሉ ሲያነሡባት፣ «ገመዱ ከበራችን ቆሞ ነበር፤ ጦር ሜዳው ሩቅ ነው። ሰው የጨነቀው ለት ሩቁን ይመርጣል» ትላቸው ነበር።