ከገደሉ የመጣው ፎቶ

የቶርላይፍ አስከሬን ከገደሉ ሥር ማዕበል ሲያላጋው ተገኘ። የተሰባበረው ካሜራ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር።

መርማሪ ራግንፍሪድ በወፍ ተመልካቾቹ ጎጆ ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም፤ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ትመላለሳለች። የፖሊሱ ጀልባ ሞተሩን አላጠፋም፤ ነፋሱ ሳይብስ ተጠርጣሪውን ይዞ ይመለሳል። የሁሉም ዓይን ያረፈው በሟቹ የእህት ልጅ በሱኒቫ ላይ ነው።

«ተጣልታችኋል?»

«አዎ። ዓይንህ ደክሟል፣ ገደል ለገደል መሄዱ ይቅርብህ አልኩት። ሞግዚት አልቀጠርኩም አለኝ። ጥዬው ወረድኩ።»

«ሌላ ሰው ነበር?»

«እኔና አጎቴ ብቻ።»

የሟቹ የቆየ ጓደኛ ኤስኪል ታብሌቱን ወደ ራግንፍሪድ ገፋ አደረገ። «ሰው መክሰስ አልወድም። ግን ይህን እዩት።» ፎቶው ላይ ሱኒቫ ቀይ ጃኬት ለብሳ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ፣ በቁጣ ወደ ካሜራው ጣቷን ቀስራለች።

«ከየት አገኘኸው?»

«እሱ ላከልኝ። እኔ ታች ጀልባ ቤት ነበርኩ።»

«ለምን ላከልህ?»

የጎጆው ባለቤት ጉድሩን ከምድጃው ሳትዞር መለሰች። «የካሜራው ስክሪን ለደከመው ዓይኑ የቁንጫ ዓይን ያህል ነበር። ያነሳውን ሁሉ እዚያው ወደ ኤስኪል ታብሌት ልኮ ነው የሚያየው።»

«እላይ ስልክ ይሠራል?»

«እዚህስ መቼ ሠርቶ!»

ራግንፍሪድ መመላለሷን አቆመች። ከሟቹ ካሜራ ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን የጉድሩንን ካሜራ ያለ ገመድ ከታብሌቱ ጋር አገናኘችና ሁሉንም መስኮቱ ጋ ሰበሰበች። «ኤስኪል፣ ታብሌቱን ይዘህ ወደ ጀልባ ቤቱ ውረድ። እኔ እልክልሃለሁ።»

ኤስኪል ወጣ። የማገዶውን ክምር ሳያልፍ ካሜራው ግንኙነቱ መቋረጡን አሳየ።

«ካሜራው የሚልከው አጠገቡ ላለ ታብሌት ብቻ ነው» አለች ራግንፍሪድ። «ከወደቀ በኋላ ደግሞ ምንም ሊልክ አይችልም። ስለዚህ ይህ ፎቶ ሲተላለፍ ቶርላይፍ በሕይወት አለ፣ ኤስኪልም አጠገቡ ነው። ሱኒቫ እላይ ሳለች ሌላ ሰው አልነበረም፤ ነበር ብትል ይጠቅማት ነበር፣ ግን አላለችም። እንግዲህ ኤስኪል የደረሰው እሷ ከወረደች በኋላ ነው። ንጹሕ ሰው ደግሞ ጀልባ ቤት ነበርኩ ብሎ አይዋሽም።»

ኤስኪል ታብሌቱ ግንኙነቱን ሲያጣ አይቶ ከማገዶው አጠገብ ቆሞ ቀርቷል። ወጥተው ከበቡት።

«መንካት የተከለከለውን የገደሉን ጭልፊት እንቁላሎች የሰረቅኩት እኔ ነኝ» አለ። «ስሰርቅ ሳላውቅ ፎቶ አንስቶኛል። ፎቶውን በገዛ ታብሌቴ አስፍቶ እጄን አሳየኝ፤ ለሁሉም እነግራለሁ አለ። ገፋሁት። ያንን ፎቶ አጠፋሁት፤ የሷን ግን ይጠቅመኛል ብዬ ተውኩት።»

ሱኒቫ ታብሌቱን ከእጁ ወሰደች። የገዛ ቁጡ ፊቷን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ስናደድ እኔን ፎቶ ማንሳት ይወድ ነበር» አለች።