በኦርጋን የተጠራች ጌሼ

በሺህ ሰባት መቶ ሰባት ዓመት፣ ልደት ሊደርስ አንድ እሑድ ሲቀረው፣ ከሰሜን ባሕር የተነሣ ጉም የኦስተርዚልን ከተማ እንደ ባዘቶ ጠቀለላት፤ የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ሲያንጎራጉርም ድምፁ በጉሙ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። ዓሦቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን አውጥተው አዳመጡ ብለው አስጋሪዎቹ ምለዋል፤ ዓሣ አንገት የለውም ያላቸውን ገፍትረው ባሕር ከተቱት።

የኦርጋኑ መምህር ቶኒስ ሃርምስ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀምሯልና ወንበራቸውን በውድድር ለሚያሸንፍ ሊያወርሱ ነው፤ በአገሩ ልማድ ወንበሩን የወረሰ የመምህሩን ልጅ ያገባል፤ ሽማግሌውንም ከወንበሩ ጋር በሚሰጠው ቤት ይጦራል። ልጃቸው ጌሼ ከጎናቸው ተቀምጣለች፤ ከሁለቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ የምትወደው ዴትሌፍ ነው።

ዴትሌፍ ቀድሞ ተቀመጠ። በዚያ አገር የዜማ ድምፆች በፊደል ይጠራሉና፣ በአገሩ ጽሕፈት «ጌሼ» የሚጻፍባቸውን ስድስት ፊደላት፣ ጌ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ሴ፣ ሃ፣ ኤ፣ በኦርጋኑ የእግር መርገጫ ሲያሰማ የልጅቱ ስም ፊደል በፊደል ወደ ጣራው ወጣ።

«ይህ ጉደኛ በእግዚአብሔር ቤት ስምሽን ይጠራል!» አሉ መምህሩ በሹክሹክታ።

«ቀስ ይበሉ አባባ፤ ሊዳኙ ከመጡት የከተማው ሹማምንት የገባው የለም።»

«ለእኔ ገብቶኛል!»

ዴትሌፍ ግን በፍቅር ናላው ዞሮ የውድድሩን ሕግ ዘንግቶት ነበር፤ ሁለተኛው ተወዳዳሪ የፊተኛውን ዜማ ተቀብሎ ማስፋት አለበት። ከሩቅ የመጣው፣ የልጅቱን ስም እንኳ ገና ያልጠየቀው ሂንሪክ ያንኑ ዜማ አንሥቶ አገላበጠው፤ ስሟ አንዴ ከጉሙ በላይ እንደ ወፍ፣ አንዴ ከባሕር በታች እንደ ደወል ተሰማ፤ ጌሼ በሕልም ውስጥ ያለች ያህል ፈዘዘች።

መምህሩ እንባቸውን ጠረጉ። «ልዋሽ አልችልም፤ ወንበሩ የሂንሪክ ነው። አንቺም እንደ ልማዱ...»

«እኔ የወንበሩ ትራስ ነኝ እንዴ አባባ?» አለች ጌሼ ብድግ ብላ። «ሂንሪክ አሳምሮ ጠራኝ፤ ማንን እንደሚጠራ ግን አያውቅም። ዴትሌፍ አውቆ ነው የጠራኝ።»

ሂንሪክ ፊቱ ቀላ። «ይቅርታ እመቤቴ፤ ለመሆኑ ስምዎ ማን ነው?»

«ወይ ጉድ! ሲጠራት አርፍዶ ስሟን ይጠይቃል!» አሉ ሽማግሌው፤ ሳቃቸውም አመለጣቸው። ከዚያ የኖሩበትን ቤት መስኮት አሻግረው አዩ። «እንግዲህ ቤቱንም ለእሱ ስጡት፤ እኔ ከልጄ ጋር እሄዳለሁ» አሉ።

ጌሼ፣ ዴትሌፍና ሽማግሌው በማግሥቱ በጀልባ ወደ ጉሙ ገቡ። ሂንሪክ ኦርጋኑን እስከ ዕለተ ሞቱ በክብር አገለገለ፤ ምስሉም በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ታሪክ ወንበር ላይ የተቀመጠውን አስታወሰ፤ ስለ ልጃቸው ፈቃድ በስተርጅና ቤታቸውን የለቀቁት ሽማግሌ ግን የት እንዳረፉ እንኳ የጻፈላቸው የለም።