የአያ ገብረ ኪዳን ጫማ

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ገብረ ኪዳን ጎንደር ውስጥ በአንድ ወርክሾፕ እርጥብ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ከራስጌው ሊፈትነው የነበረው የውሃ ማሞቂያ ቆሟል። ማንም አላለቀሰም። ሁሉም መብራት ጠፍቶበት እስኪመጣ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለው ያዩታል።

ሐኪሙ «ልብ ይመስላል» ብሎ ጓንቱን አወለቀ። ኢንስፔክተር ለተ ማርያም ግን አልቸኮለችም። አጭር ናት፤ ድምፅዋም ዝግ ያለ ነው፤ ብዙ ሰው ሞኝ ትመስለዋለች። ለሥራዋ ተመችቷታል።

«ይኼ ማሽን ለማን ነው?»

«ለመስጊድ ነው፣ እኅቴ» አለ የወርክሾፑ ባለቤት ሸሪፍ። «ነገ በጠዋት አምባ ጊዮርጊስ ይሄዳል። ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት እጅ እግር ለመታጠቢያ፣ ሙቅ ውሃ። የዚያን አገር ውርጭ ታውቂው የለ? አባቴ ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው። ለጁምዓ መጀመሪያ የሚታጠቡበት እሳቸው ናቸው።»

«ሟቹስ?»

«የደህንነት መርማሪያችን። እሱ ያልፈረመበት ዕቃ ከዚህ በር አይወጣም።»

«ይኼን ፈርሞበታል?»

ሸሪፍ የፍተሻ ወረቀቱን ገለበጠው። «አልፈረመም። ግን ልብ ከሆነ የማሽኑ ጥፋት አይደለማ። ይጫናል።»

የፖሊስ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ማሽኑ የሚጫነው ነገ ነው። ለተ ማርያም ይህን አሰበችና ተንበርክካ የሟቹን ጥቁር ጫማ አየችው። ከውጭ ደረቅ ነው። ጣቷን ወደ ውስጥ ብትሰድ ግን ረጠበባት። ካልሲ የለም። የማሰሪያው ቋጠሮ ለዓመት ያልተፈታ ይመስላል። ተረከዙ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቆዳው ግን ታጥፎ እንደኖረ ወረቀት መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል።

በያጇ አልማዝ ጓሮ ምሳ ዕቃዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ሽሮዬን ስበላ። እሱንም ይመረምሩታል?»

«ከጣመ። ገብረ ኪዳን ዕቃ እንዴት ነበር የሚፈትነው?»

«ገዢውን ሆኖ ነዋ። ወፍጮ ስንሠራ ነጠላ አጣፍቶ መጣ። ‹ሴቶቹ ነጠላቸውን ቤት ጥለው አይመጡም፤ ይኼ የሚሽከረከር ቀበቶ እንዳይጠመጥመው ክዳን ይሠራለት› አለ። አሳቀን። ክዳኑንም ሠራን።»

«ጫማውስ?»

«ኧረ የአያ ገብሬ ጫማ! ድሮ ዲያቆን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሲወጣ ማሰሪያ መፍታት ሰልችቶት፣ ተረከዙን ረግጦ እንደ ሸበጥ ነው የሚጎትተው። ሸርተት፣ ሸርተት። መምጣቱን በድምፁ ነበር የምናውቀው።»  ምሳ ዕቃዋን ከፈተች፤ ምንም ሳትበላ መልሳ ዘጋችው።

ሸሪፍ በዚያ ሰዓት ቢሮው ሆኖ ስልክ ሲያወራ እንደነበር ነገራት። ስለ ጫማው ስትጠይቀው ግን ሊስቅ ምንም አልቀረው። «ሁለት ጊዜ አዲስ ገዛሁለት። በሳምንቱ ያንንም ረገጠው!»

«ማሽኑ ችግር አሳይቶ ያውቃል?»

«ትናንት ብሬከሩ ሦስት ጊዜ መስመሩን ቆረጠው። ኤሌክትሪክ ካፈተለከ ሰው እንዳይገድል የሚቆርጠው እሱ ነው። ዛሬ ግን ሸጋ ሆኗል።»

«ማን አስተካከለው?»

«እኔ እንጃ። አልማዝ ወይ ኡዘይር።»

ኡዘይር ማሽኑን የነደፈው መሐንዲስ ነው፤ ከመጣ ሁለት ወሩ። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር፣ የማሽኑ ንድፍና ቀጭን የብረት ማስመሪያ ተደርድረዋል።

«ታች ብዙ አትወርድም?»

«እኔ ነድፌ እልካለሁ፤ እነሱ ይሠራሉ። ዛሬም እዚሁ ነበርኩ።»

«ከገብረ ኪዳን ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ይከራከረኛል። እዚህ ንድፍ ላይ የሚታጠብ ሰው ሥያለሁ፤ አዩት? ‹እግሩስ የታለ?› ብሎ ሳቀብኝ።»

ለተ ማርያም ንድፉን አየችው። እውነትም ሰውየው ጉልበቱ ላይ ያልቃል።

«ምን ዓይነት ጫማ ነበር የሚያደርገው?»

«ጥቁር። ማሰሪያ ያለው። ተራ ጫማ ነዋ።»

ማስመሪያውን አነሳችው። ጫፉ ላይ ጥቁር የጫማ ቀለም ተለቅልቋል። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ማሽኑ ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ወለሉ ገና እርጥብ ነው።

«እግሩ እርጥብ፣ ጫማው ደረቅ ነበር» አለች። «ስለዚህ የሞተው በባዶ እግሩ ነው። እንደ ልማዱ ገዢውን ሆኖ፣ ውዱእ እንደሚያደርግ ሰው ውሃ ላይ ቆሞ። ጫማውን ሌላ ሰው አጠለቀለት። ምነው? ባዶ እግሩን ቢገኝ ማሽኑ ይጠረጠራላ። ጫማ ካደረገ ግን ልብ ነው ይባላል።»

«ማን ነው ያጠለቀለት?» አለ ሸሪፍ።

«አልማዝ ብትሆን ተረከዙን እንደተረገጠ ትተወው ነበር። እርስዎም እንዲሁ። ይኼኛው ሰው ግን አቃናው፤ የገብረ ኪዳንን እግር አንድ ቀን ዝቅ ብሎ አይቶት አያውቅማ። ቋጠሮውም አልፈታ አለው። ቀጭን ብረት እንደ ጫማ ማንኪያ ከተረከዙ ሥር ሰድዶ አስገባው።» ከቦርሳዋ ማስመሪያውን አወጣች።

«ማስመሪያዬን ማንም ይወስደዋል» አለ ኡዘይር። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«ቆይ፣ ቆይ! ማሽኔ ሰው አይገድልም!» ሸሪፍ ጎንበስ ብሎ አንድ ጫማውን ከነካልሲው አወለቀ። እርጥቡን ሲሚንቶ ረገጠና እጁን ወደ ቧንቧው ሰደደ። ለተ ማርያም አልከለከለችውም።

«አያ ሸሪፍ፣ አይንኩት!» አለ ኡዘይር።

የሸሪፍ እጅ ከቧንቧው አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ኡዘይር ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ተናገረ።

«ብሬከሩ ነው የተበላሸው ብዬ ነበር። ከኋላው ሽቦ አሳለፍኩ። ሲፈተን የብሬከሩ እጀታ ይወርዳል፣ ግን መስመሩ አይቆረጥም። ለማንም አልተናገርኩም። ስወርድ አያ ገብረ ኪዳን ወድቋል። ማሽኑን አጠፋሁት። አይተነፍስም። ጫማው በሩ ሥር ነበር።»

«ነገስ?» አለች ለተ ማርያም።

«አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር።»

«የአያ ሸሪፍ አባት ከመታጠባቸው በፊት ወይስ በኋላ?» አለች አልማዝ።

 ለተ ማርያም የዋናውን መስመር ፊውዝ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ማሽኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ አልነበረም።

ኡዘይርን ሁለት ፖሊሶች ወሰዱት። አልማዝ ፌስታል ውስጥ የተቀመጠውን የሟቹን ጫማ አየችው።

«ተረከዙን ልጠፈው?»

«ዛሬ ማስረጃ ነው። ሌላ ቀን።»

ሸሪፍ አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ ስልኩን አወጣ። ወዲያ ማዶ እስኪነሳ ረጅም ጊዜ ወሰደ።

«አባባ» አለ። «ነገ በቀዝቃዛው ይታጠቡ።»