እጅጌ የሆኑት አራት ኮከቦች

ቁንጫ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይህን ቅጽል ስም ያገኘችው አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ ነው። ከእናቷና ድቡልቡል ከሚባለው የአራት ዓመት ወንድሟ ጋር ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ትኖራለች። ደረጃው አሥራ ሰባት ነው፤ ቁንጫ ግን የምትረግጠው ስድስቱን ብቻ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ነች።

በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር እንዲህ አሉ፦

«ቤታችሁ ውስጥ ከተጣለ ነገር አሥራ ሁለት ኮከብ ሠርታችሁ በክር አንጠልጥላችሁ አምጡ። የተገዛ ነገር አልፈልግም። ቀድሞ ያሟላ መሰላል ላይ ወጥቶ የትምህርት ቤቱን በር ያስጌጣል።»

ቁንጫ መሰላል ትወዳለች። ከእንቁላል ካርቶን ሦስት፣ ከወተት ፓኮ ሦስት፣ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ሁለት ሠራች። ስምንት ሆነ። አራት ቀረ፤ የተጣለው ነገር ግን አለቀ።

ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ዘጠኝ ቡናማ ወረቀት ተሰቅሏል። የልብስ ንድፍ ነው፤ እናቷ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን የምትቆርጥበት። ቁንጫ ይህን ታውቃለች። አታውቅም ብዬ ልዋሽላት አልችልም፣ ልጆች።

«ከዘጠኝ አንድ ቢጎድል ማን ይቆጥራል?» አለችና መቀስ አነሳች። ከአንዱ ወረቀት አራት ኮከብ ወጣ። ቅንጥብጣቢውን ከፍራሹ ሥር ደበቀች።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቷ ወረቀቶቹን ቆጠረች።

«የእትዬ ዳቦ የግራ እጅጌ ንድፍ የለም!»

እትዬ ዳቦ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ግራ ትከሻቸው ከቀኙ በሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ስለዚህ የተገዛ ልብስ ልክ ሆኗቸው አያውቅም፤ ለዚያች እጅጌ ብቻ ሦስት ጊዜ ተለክተዋል። በበዓል ሰሞን ደግሞ ዳቦ ቤቱ ሰው በሰው ነው፤ እሳቸውን አቁሞ እንደገና መለካት አይታሰብም።

«ድቡልቡል! ወረቀት ቀደድክ?»

«አልቀደድኩም!»

«ባለፈው ጋዜጣውን የበላው ማን ነው ታዲያ?»

«እሱን እኔ ነኝ። ይሄን አልበላሁም!»

እናቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አቆመችው። ድቡልቡል ማልቀስ ጀመረ። ቁንጫ ኮከቦቿን ቆጠረች። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ምንም አልጎደለም። ክሩን ይዛ ወደ እናቷ ሄደች።

«እማዬ፣ እሱ አይደለም» አለች። አራቱን ኮከቦች ከክሩ ፈታች፤ ቅንጥብጣቢውንም ከፍራሹ ሥር አወጣች።

እናቷ ቁርጥራጮቹን ሰበሰበች። «መጀመሪያ ወንድምሽን ይቅርታ ጠይቂ። ከዚያ ካውያውን አምጪ።»

«ይቅር በለኝ፣ ድቡሌ።»

«አንድ ኮከብ ከሰጠሽኝ» አለ ድቡልቡል፣ እንባውን ሳይጠርግ።

ከቀሩት ስምንቱ አንዱን ሰጠችው።

ወረቀቱን ተኩሰው በፕላስተር ገጣጠሙት። ሃያ ሦስት ቁራጭ ነበር። ቁንጫ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ከቦታዋ አልተነሳችም። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልታየም።

በበዓሉ ዋዜማ መምህሩ ክሯን ተቀበሏት።

«ሰባት ነው። አምስቱስ?»

«አራቱ እጅጌ ሆኑ፣ ጋሼ። አንዱን ወንድሜ ለይቅርታ ወሰደው።» የቀረውንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

መሰላሉ ላይ ሌላ ልጅ ወጣ። ቁንጫ ከሥር ደግፋ ያዘች። በዚህ መሃል እትዬ ዳቦ አዲሱን ልብሳቸውን ለብሰው ገቡ። ቁንጫ መሰላሉን ሳትለቅ ትከሻቸውን አየች፤ በአዲሱ ልብስ ግራና ቀኙ እኩል ይመስል ነበር።

ልጆች፣ የተጣለውን አንስቶ መሥራት ብልህነት ነው፤ ያልተጣለውን ሳይጠይቁ መቁረጥ ግን ጥፋት ነው፤ ያጠፋም ሰው ሌላው በእሱ ፈንታ ሳያለቅስ «እኔ ነኝ» ይበል።