ጠግበህ ና

ሠናይት ስለ ረሃብ ብዙ ታውቃለች፤ ችግሩ የምታውቀው ከመጽሐፍ መሆኑ ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ይህንኑ ነበር። ሆድ ሲራቆት ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ሆርሞኑም አንጎል ዘንድ ደርሶ ፊት ለፊት ያለውን ምግብ ከሆነው በላይ ያሳምረዋል። ሲጠገብ ያ ሁሉ ውበት ይረግፋል። ይህን በሰው ላይ ለማየት ከዐቢይ ጾም የተሻለ ጊዜ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ከማይቀምሱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የተሻለ ሰው ከየት ይገኛል? የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዳ ዐሥራ ሁለት ዲያቆናት መዘገበች።

ምሕረትአብ ሰባተኛው ነበር፤ ሕፃናትን ዳዊት የሚያስተምር፣ ረጅም፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ወጣት። ደሙን ቀዳችና የኮምፒውተሩን ስክሪን አዞረችለት። ቅቤው ከላይ የተንሳፈፈ ዶሮ ወጥ ብቅ አለ።

ዲያቆኑ ዐይኑን ጨፈነ።

«ምነው፣ አመመህ?»

«የለም እኅቴ። ዐይንም ይጾማል።»

ሠናይት ፊቷ ጋለ። ጥናቱን ያጸደቁት ሦስት መምህራን ሦስቱም ጿሚዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ይህን አላሰቡም። ከእርሱ በፊት የገቡት ስድስቱ ዲያቆናት ደግሞ ላለማስቀየም ዝም ብለው «ምን ያህል ይፈልጋሉ? ከዜሮ እስከ ዐሥር» በሚለው ቅጽ ላይ ዜሮ እየሞሉ ሄደዋል።

«እኔ እኮ ግሬሊን የማይደፍራቸው ቅዱሳን አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች።

ምሕረትአብ ሳቀ። ሲስቅ ቀና ይላል፤ ቀና ሲል ደግሞ ዐይኑ እንዴት ያለ ዐይን እንደሆነ ይታያል። ሠናይት ያን ዕለት ባትሳሳት ኖሮ ይህን ሳታይ ትቀር ነበር።

ሥራው እንደገና ተጀመረ። የእናቷን የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባና ድንች ወጥ በስልኳ እያነሣች አዲስ ሥዕል አዘጋጀች። ዲያቆናቱ በየሳምንቱ ተራ ተራ እየገቡ ደም ይሰጣሉ፣ ሥዕል ያያሉ፣ ቅጽ ይሞላሉ፤ ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የድንች ወጥ በእንጀራ በልተው ያንኑ ሥዕል ደግመው ያያሉ። ከመብላታቸው በፊት ዘጠኝ የሰጡት ሱፍ ፍትፍት ከበሉ በኋላ ወደ ሦስት ይወርዳል። ልክ መጽሐፉ እንዳለው።

ምሕረትአብ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ሌሎቹ ጠግበው ሲሄዱ እርሱ ሰሃኑን ካላጠብሁ ይላል። ሰሃን እያጠበ ስለ ተወለደበት የጉና ተራራ ብርድ፣ አመዳይ ስለሚመታው ገብስ፣ ቀለም ሲቆጥሩ ስለሚያንቀላፉት ሕፃናት ያወራል። አንድ ሰሃን ለማጠብ ሩብ ሰዓት እንደማይፈጅ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አይናገሩም። እርሷም ዓርብን እየጠላች ሐሙስን መቁጠር ጀመረች።

ለሆሳዕና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ገና ደም ሳይሰጥ፣ ቆሞ ተናገረ።

«ሠናይት፣ እወድሻለሁ። ሌላ አነጋገር አልተማርሁም።»

ልቧ ዘለለ። ነገር ግን አንድ የቆየ ቁስል ነበረባት። ከሦስት ዓመት በፊት ለመንገድ ሥራ የመጣ መሐንዲስ ወዷት ነበር። አገሩን የማያውቅ፣ ዘመድ የሌለው፣ ብርዱ የጠናበት ሰው ነበር። መንገዱ ሲያልቅ ፍቅሩም አለቀ።

«እህል ከቀመስህ ስንት ሰዓት ሆነህ?» አለችው።

«ከትናንት ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አልቀመስሁም።»

«አየህ? ይህን የሚናገረው ግሬሊን ነው። ለራበው ሰው ሁሉም ነገር ያምረዋል።»

«ይኼ ግሬሊን የምትይው ስምሽንም ያውቀዋል?»

ልትስቅ ምንም አልቀራት። ሆኖም ጨከነች። «ጠግበህ ና። ፋሲካ ይለፍ። ጠግበህም እንዲህ ካልህ ያን ጊዜ እመልስልሃለሁ።»

ጋቢውን አጣፋ። «ፋሲካ ሩቅ ነው» ብሎ ወጣ።

ለምን ሩቅ እንደሆነ የነገራት በማግስቱ ደም ሊሰጥ የመጣው ዲያቆን ሲሳይ ነው።

«ምሕረትአብ እኮ ቅስና ሊቀበል ነው። ሳያገባ ደግሞ አይሆንም። አባቱ ቄስ ይሻው እዚያው ጉና ሥር ልጅ አይተውለት፣ ለዳግም ትንሣኤ ቃል ሊያስሩለት ነው። አልነገረሽም?»

አልነገራትም። መናገሪያ መቼ ሰጠችው? በገዛ አፏ ሌላ ሴት ወዳለችበት ድግስ «ጠግበህ ና» ብላ ሸኝታዋለች።

እስከ ሰኞ በኩራት ቆየች። ሰኞ ስትደውል ሰሙነ ሕማማት ገብቶ ስልኩን ዘግቶታል። ለበዓሉ ወደ አባቱ ቤት ወጣ፤ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም።

ፋሲካ ሆነ። እናቷ ወይዘሮ የሺ የዶሮውን ፈረሰኛ መርጠው ፊቷ አኖሩላት። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ነበረች፤ በመጽሐፉ ከሆነ ያ ወጥ እንደ ገነት ሊጣፍጣት ይገባ ነበር። አንድ ጊዜ ጎረሰች። ምንም አልጣማትም።

«ማታ እበላለሁ እማ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ!» አሉ ወይዘሮ የሺ። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ማን ነው የቀማሽ?»

ክፍሏ ገብታ ከቅጾቿ አንዱን አወጣችና ዶሮ ወጥ በሚለው ትይዩ ዜሮ ጻፈች። ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ ሆነች። የዳግም ትንሣኤ ዕለት ከጎረቤት የሰርግ እልልታ ሲሰማ መስኮቱን ዘጋች፤ ከዚያም አለቀሰች።

ሰኞ ቀን ላቦራቶሪ ብቻዋን ሳለች በሩ ተንኳኳ። ምሕረትአብ ነው። ጉንጩ ሞላ ብሏል፣ ጋቢው ላይ የቅቤ ጠብታ አለበት። ሰርጉን ሊጠራት የመጣ መሰላት።

«በልተሃል?» አለችው።

«ስምንት ቀን ሙሉ። ዶሮው፣ በጉ፣ ድፎው አልቀረኝም። ጠግቤያለሁ ስል እናቴ ታኮርፋለች። ሆዴ ሞላ ሠናይት፤ ሐሙስ ሐሙስ የሚለኝ ነገር ግን አልሞላም።»

«ልጅቷስ?»

«ትናንት ሽማግሎቹ ምሳ በልተው ቃሉ ሊታሰር ሲል ተነሥቼ አባቴ እግር ላይ ወደቅሁ። ‹አባ፣ ልቤ ደብረ ታቦር ቀርቷል፤ በሰው ልጅ ላይ አልዋሽ› አልኋቸው።»

«ምን አሉህ?»

«የሚረግሙኝ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን፣ ‹የራበው ሲለምን ሳይ ኖሬያለሁ፤ የጠገበ ሰው እንዲህ ሲለምን ግን ገና ዛሬ አየሁ። ተነሥ› አሉኝ። የልጅቷን አባት ይቅርታ ጠይቀው ሸኟቸው። ተቀይመዋል፤ አይፈረድባቸውም።»

ሠናይት ወንበሩን ተደግፋ ቆመች። ዐይኑ መሬት ላይ አልነበረም።

«እንግዲህ ጠግቤ መጥቻለሁ» አላት። «መልሺልኝ።»

ልትመልስ ስትል ሆዷ ጮኸ። ከፋሲካ ወዲህ ድምፁን ሰምታው አታውቅም። ሁለቱም ሰሙት፤ እርሱ ቀና ብሎ ያን ሳቁን ሳቀ።

«አባትህ ሽማግሌ ይላኩ» አለችው ዕንባዋን በጋውኗ እጅጌ እየጠረገች። «አሁን ግን ና፣ ምሳ አብላኝ። ራበኝ።»